አያ ማለደ ሞተር አይቀብሩም

በየሺኩኑ፣ በየመኖሪያ ሕንፃው፣ የሞተ ዕቃ አልቀብርም የሚል አንድ ሰው አለ። እኛ ጋ የለም የምትሉ ካላችሁ ወጥታችሁ የቆሻሻ ገንዳውን እዩ። ትናንት የጣላችሁት መጥበሻ ዛሬ ከሌለ፣ ሰውየው አለ። መጥበሻው ከነገ ወዲያ አዲስ እጀታ አብቅሎ በራችሁ ላይ ይቆማል። እናንተም አፍራችሁ ትቀበላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ መጣል የሚባል ነገር አይሆንላችሁም።

የእኛ ሰውዬ ክቡር አያ ማለደ ናቸው። ርሖቮት ከተማ፣ ከሻዓራይም ሰፈር አሥር ደቂቃ በእግር፣ ባለ አራት ፎቅ ሺኩን፣ ምድር ቤት በቀኝ በኩል። እኔ በላያቸው ነኝ። "ክቡር" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ነስ ጺዮና ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ወለል ይጠርጋሉ፣ እዚያ ክቡር የሚላቸው የለም። ሥራ የሚያስቀጥረው ቢሮ፣ ሊሽካ የምንለው፣ ፋይላቸው ላይ "ሙያ የሌለው" ብሎ ጽፏል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና "ቤሰደር፣ እሺ" ብለው ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለሊሽካው ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ አልመጣም።

እና ይሄ ሙያ የሌለው ሰውዬ የታመመ ዕቃ ሲያመጡላቸው መጀመሪያ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛም ዘመድ እንደ ታመመበት ሰው ዝም ብለን እንቆማለን። ከዚያ ቀስ ብለው "ነፍሷ አልወጣችም" ይላሉ። ሬድዮም ይሁን ብረት ምጣድ፣ ነፍሷ አልወጣችም። እስካሁን ነፍሷ ወጥታለች ያሏት ዕቃ የለችም።

እውነቱን ለመናገር የዳነው ሁሉ እንደ ድሮው አይሆንም። የእኔ ማራገቢያ ከዳነ በኋላ ወደ ፊት መንፋቱን ትቶ ወደ ኋላ ይነፋል። ከኋላው እቀመጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነጻነት ደግሞ የልብስ ማጠቢያዋ ዳነላት፣ ግን ሲጨምቅ ከመታጠቢያ ቤት ተነሥቶ ሳሎን ድረስ ይሄዳል። በገመድ ነው የምታስረው። ሄዳ ብትነግራቸው ምን አሏት?

"የሚራመድ ጤነኛ ነው፤ የታመመ ይተኛል።"

የጀልባ ሞተሯ የመጣችው በፈረንጆች ዘጠና ሁለት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሻዓራይም ውስጥ ለአንድ የየመን ሽማግሌ የግቢውን የብረት በር አበጁለት። ሽማግሌው ደስ ብሎት "ከሎሚው ሥር ያለውን ውሰድ" አላቸው። ከሎሚው ሥር ያለው ጀልባ ኋላ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ሞተር ነበር፣ ባለ አራት ፈረስ ጉልበት። ስሟ ተልጦ ጠፍቷል፣ ክዳኗ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። አያ ማለደ በትከሻቸው ተሸክመዋት መጡ። እንቁላሉንም አመጡት።

ርሖቮት ባሕር የላትም። ብርቱካን ነው ያላት። ባለቤታቸው እቴ ከበደች በሩ ላይ ቆመው አዩና፦

"ምንድን ነው እሱ?"

"የጀልባ ሞተር።"

"ጀልባውስ?"

"ጀልባ የለም።"

"ባሕሩስ?"

"ከበደች፣ ቀስ በይ። ሁሉም በተራው ነው።"

እንዲህ ያለ ሞተር ለአያ ማለደ አዲስ አይደለም። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ፣ እሳቸውም ከብረት ጋር ነው ያደጉት። ከዚያ ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ለደሴቶቹ እህል የምታመላልስ ጀልባ ነበረች፤ የእሷን ሞተር አሥራ አንድ ዓመት አስታመዋል። ይሄን ሊሽካ ላይ ሲናገሩ የቢሮዋ ልጅ "ሰርተፍኬት አለህ?" አለቻቸው። ጀልባዋ ናት ሰርተፍኬቴ ሊሉ ፈልገው ዕብራይስጡ አልመጣላቸውም። መጥረጊያ ሰጠቻቸው።

ግቢው ውስጥ፣ ልክ በእኔ የልብስ ገመድ ሥር፣ አንድ ትልቅ በርሜል አቁመው ውሃ ሞሉት፤ ሞተሯን አፉ ላይ ጠመዱና እግሯን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ውሃ ሳትጠጣ ከሠራች ትቃጠላለች። ያረጀውን ቤንዚን ደፉ። እሳት የሚያስነሱትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት አሹ። የውሃ መሳቢያዋ ጎማ ተበልቶ ነበር፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው ሌላ ሠሩላት። ቤንዚኑ ላይ ዘይቱን በጠርሙስ ክዳን እየለኩ ጨመሩ፣ ሲለኩ ሰው እንዲያናግራቸው አይፈልጉም።

ከሁሉ የበለጠችው ግን አንዲት ብሎን ናት። ካርቡራተሯ ላይ ያለች፣ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ቤንዚንና አየር የምታመጣጥን። እሷን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ይዘጓትና ወደ ኋላ አንድ ዙር ይፈቷታል።

"አንድ ዙር! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዙር ነው! ከአንድ ዙር ያለፈ ወስላታ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም።"

ከዚያ ገመድ ይጎትታሉ። ይጎትታሉ፣ ይጎትታሉ። መጀመሪያ ታስነጥሳለች፣ ከዚያ ታጓራለች፣ ከዚያ ጭሷ ተነሥቶ ነጭ አንሶላዬን ያለብሰዋል። እኔ ድምፅ እፈራለሁ። በተነሣች ቁጥር አልጋ ሥር ነው የምገባው ብል ይቀለኛል። አያ ማለደ ግን ጭሱ መሃል ጎንበስ ብለው ከጎኗ የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ያያሉ። ውሃው ከወጣ መሳቢያው ሠርቷል ማለት ነው።

"ሸናች!" ብለው ይጮሃሉ ወደ ቤታቸው። "ከበደች፣ ሸናች!"

"እንኳን ማርያም ማረችህ!" ይላሉ እቴ ከበደች ከውስጥ።

አቪ የሚባል ሰው አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቴንደር መኪናውን ሺኩኑ ፊት አቁሞ ዓሣ ይሸጥልናል። ከእኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት፣ ባሕሩ ዳር፣ ሦስት ጀልባ አለው። በርሜሉን አየና ሳቀ። ሞተሯ ስትነሣ ሳቁን ተወና ተጠጋ፣ ዞራት፣ ላስቲኳን ነካካ። ከዚያ እንድተረጉም ጠራኝ።

"ሞተሮቼን የሚያይልኝ ሰው በሚቀጥለው ወር ይሄዳል" አለ። "ይቺ አሮጊት ባሕር ላይ አንድ ሰዓት ሳትቆም ከሠራች ሦስቱን ሞተሮቼን ማለደ ይይዛል፣ እቀጥረዋለሁ። ለሊሽካውም መካኒክ ነው ብላችሁ ጻፉ፣ እኔ እፈርማለሁ። እኔና ወረቀት አንስማማም እንጂ ራሴ እጽፈው ነበር።"

ልተረጉም አፌን ስከፍት አያ ማለደ እጃቸውን አነሡ። "መካኒክ የሚለውን አትተርጉሚው። ሰምቼዋለሁ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ከፋብሪካ ሲመለሱ ቤት አይገቡም። በቀጥታ ወደ በርሜሉ ነው።

አራተኛ ፎቅ ያለው ውቤ ሌሊት ዘበኛ ነው፣ ቀን ይተኛል። ይሞክራል ልበል። አንድ ቀን ዓይኑ በርበሬ መስሎ በሬን አንኳኳ።

"እማዋይሽ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ አይደል?"

እጽፋለሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ሄጄ ነው የተውኩት፣ ሌላ ቦታ ምንም አይደለሁም፣ በእኛ ደረጃ ግን ፕሮፌሰር ነኝ። ትልልቆቹ ዕብራይስጥ አያነቡም፣ የምናነብላቸውም የምንጽፍላቸውም እኛ ነን። የሐኪም ወረቀት፣ የመብራት ወረቀት፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። የማን ስኳር ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እንቢ ማለት ደግሞ አልችልም፣ ሰው እፈራለሁ። ውቤን ፈራሁትና ጻፍኩለት፣ ቤቶቹን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት። ጩኸት አልኩ። ጭስ አልኩ። አደጋ አልኩ። አደጋ የሚለውን ቃል አሳምሬ ስለምጽፈው ሦስት ቦታ አስገባሁት። አንሶላዬም ጠቁሮብኝ ነበር፣ እሱንም አልደብቅም።

"ስም አትጻፊ፣ ጎረቤቶች በይ" አለኝ ውቤ። ጎረቤቶች አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ። መጣ ስል ወደ አያ ማለደ መጣ፣ አያ ማለደ ደግሞ ወረቀት ሲመጣላቸው ወዴት ነው የሚሄዱት? ደረጃውን ወጥተው በሬን አንኳኩ።

"እማዋይሽ ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ።"

ከፈትኩት። ራሴ የጻፍኳቸው ቃላት ማኅተም ተመትቶባቸው ተሰልፈዋል። ጩኸት፣ ጭስ፣ አደጋ፣ አደጋ፣ አደጋ።

"ምን ይላል?"

"በርሜሉንና ሞተሯን... በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ከግቢ ያንሡ ይላል። ካልሆነ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።"

"ማነው የከሰሰኝ?"

"ጎረቤቶች... ይላል።"

"ስም የለውም?"

"የለውም።"

ወረቀቱን ተቀበሉኝና ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ እዚያ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። "ቀኑ የሚቆጠረው ከዛሬ ነው?"

"ከተጻፈበት ነው። አሁን አሥራ አንድ ቀርቷል።"

"አቪ ለፈተናው ባሕር የሚወስደን በየትኛው ዓርብ ነው?"

"በሚመጣው ሳይሆን በቀጣዩ።"

"እንግዲያ ይበቃል" አሉና ወረዱ። እኔ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያ ዓርብ ከከሸፈ ሞተሯ ከግቢ ትወጣለች፣ ሌላ የትም የሚያስቀምጧት ቦታ የላቸውም። እኔ በሦስት አደጋ መጥረጊያውን ዕድሜ ልክ እጃቸው ላይ አሰርኩት።

በእነዚያ ቀናት አንሶላ ማስጣት ተውኩ። ሞተሯ አንድ ቀን ትነሣለች፣ አንድ ቀን አትነሣም። ሙቀት ከያዘች በኋላ ቤንዚን ሲሰጧት እንቅ ትልና ትሞታለች። እሳቸው ሁሉንም ይጠረጥራሉ። ቤንዚኑን ጠረጠሩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለሉት። የቤንዚን መያዣዋን ክዳን ጠረጠሩ፣ አየር ካላስገባ ቤንዚን አይወርድም ብለው ቀዳዳዋን በመርፌ ወጉ። የቤንዚን ቧንቧዋን በአፋቸው ነፉ፣ ሦስት ቀን ምግብ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተታቸው። ብሎኗን ብቻ አልጠረጠሩም። አንድ ዙር አንድ ዙር ነው።

"አያ ማለደ!" ይላል ውቤ ከላይ በመስኮት በፒጃማ። "ወይ ይግደሏት ወይ ያድኗት! መሃል ላይ አይተዋት!"

"ነፍሷ አልወጣችም ውቤ!"

"የእኔ ወጣች እኮ!"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በርሜሉ ውስጥ ቀስ ብላ፣ ሳታስነጥስ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች። በርግጥ በርሜል ውስጥ ጀልባ አትገፋም፣ ጭነት የለባትም፣ በዝግታ ነው። ግን ሠራች። ነጻነት እልል አለች። ውቤ ራሱ ወርዶ ቆሞ አያት፣ እንቅልፉን ረስቶ። እኔ ማንንም ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ ጠዋት አቪ መጣ። እኔ ለቋንቋ ተወሰድኩ። እቴ ከበደች ማንም ሳይጠራቸው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ቴንደሩ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። "ሲያፍር የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል" አሉኝ።

እኔ ዋና አልችልም። ባሕርን በፎቶ አይቼው የበቃኝ ሰው ነኝ። ጀልባው ውስጥ ስገባ የአቪን ቀበቶ ያዝኩ፣ አልለቅም አልኩ። አያ ማለደ ሞተሯን ከኋላ ጠመዱ፣ በገመድም ጨምረው አሰሯት። ሦስት ጊዜ ጎተቱ፣ ተነሣች። ሸናች። ከዳር ወጣን። አቪ ሰዓቱን አየ።

በዝግታ ስንሄድ ጥሩ ነበረች። እቴ ከበደች ዳር ላይ እያነሱ፣ እያነሱ፣ ነጭ ነጥብ ሆኑ። ያን ጊዜ አቪ "አሁን ክፈታት፣ ትሩጥ" አለ። ተረጎምኩ። ከፈቷት። እንቅ አለች፣ አስነጠሰች፣ ሞተች።

ባሕር ላይ ሞተር ሲቆም የሚመጣው ዝምታ ሌላ ነው። ውሃው ጀልባውን ከሥር በጥፊ ይለዋል፣ ሌላ የለም። አያ ማለደ ጎተቱ። ጎተቱ። አቪ ሰዓቱን አየና "ሃያ ሁለት ደቂቃ" አለ። "ያልነው አንድ ሰዓት ነው። በቃ፣ አድክሞሃል፣ እንመለስ።" መቅዘፊያውን አነሣ።

"ምን አለ?" አሉኝ አያ ማለደ።

"ጊዜ አለን ይላል" አልኳቸው። በሕይወቴ አጣምሜ የተረጎምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ፈተው አወጡ። እንደ አመድ ነጭ ነበረች። "ርቧታል" አሉ ለራሳቸው። "ቤንዚን አለ፣ እሳት አለ፣ ግን ርቧታል።" ካንዴላዋን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አገላበጧት። ጆሯቸውንም አላስጠጉም። እጃቸውን አየሁት፣ የሽማግሌ እጅ። እስከዚያ ቀን መሸምገላቸውን አላውቅም ነበር።

ድንገት "ጎርጎራ ከፍ ያለ አገር ነው" አሉ።

"እ?"

"ከፍ ያለ ነው። አየሩ ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ ከምጽዋ፣ ከባሕር፣ ሞተር አምጥተው ሰጡኝ። ጎርጎራ ላይ ጭስ በጭስ ሆነች፣ ቤንዚን በዛባትና አነቃት። ብሎኗ አንድ ዙር ተኩል ነበረች። ግማሹን ማን ዘጋው? እኔ! አንድ ዙር ያደረግኋት እኔ ራሴ ነኝ እኮ!" ራሳቸውን በመዳፋቸው መቱ። "እዚህ አየሩ ወፍራም ነው እማዋይሽ። አየር ሲወፍር ቤንዚንም ይጨመራል። እኛ ወርደን ባሕር ላይ ተቀምጠናል፣ ብሎኗን እዚያ ላይ ትቻት መጥቻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ!"

ካቻቢቴውን አነሡ። ብሎኗ ላይ አስገቡትና ለአፍታ ቆሙ። ከአንድ ዙር ማለፍ ለእሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ግማሽ ዙር ፈቱ። ካንዴላዋን ጠርገው መለሱ። ጎተቱ። ጎተቱ። በሦስተኛው ተነሣች፣ ሌላ ድምፅ ነበር፣ ወፍራም፣ የጠገበ ሰው ድምፅ።

"ይክፈታት" አለ አቪ።

ከፈቷት። የጀልባው አፍንጫ ተነሣ፣ እኔ ጮህኩ፣ የአቪ ቀበቶ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። አቪ በነፋሱ ውስጥ "ከዜሮ!" ብሎ ጮኸ። "ከዜሮ ነው የምቆጥረው!"

"ይቁጠር!" አሉ አያ ማለደ፣ ሳልተረጉም።

አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ። ሦስቱን ደቂቃ አቪ ነው የጨመራት፣ ደስ ስላለው ይመስለኛል። ስንመለስ እቴ ከበደች ውሃ ውስጥ ነበሩ። ሞተሯ ስትቆምና ጀልባው ዝም ሲል አይተው፣ ዋና የማይችሉት ሴትዮ፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ገብተው ቆመዋል።

"ሠራች?" አሉ።

"ሠራች።"

"ታዲያ ውሃ ውስጥ ምን ያስቆመኛል!" ብለው ተቆጥተው ወጡ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሲያብሱ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

አያ ማለደ ጨው ይበላታል ብለው ሞተሯን ከጄሪካን ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ አጠቧት። እኔ ጄሪካኑን ያዝኩላቸው። ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ።

"አያ ማለደ፣ ያን የክስ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ውሃውን ማፍሰሳቸውን አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ?"

"ካነበብሽልኝ ቀን። በዚያ ሺኩን ሌላ ማን ይጽፋል? ውቤ ነው የሚጽፍ?"

"ለምን አልተቆጡኝም?"

"ተቆጥቻለሁ እንጂ። ሁለት ቀን ሰላም አላልኩሽም፣ አላየሽም?" አላየሁም ነበር። አልጋዬ ሥር ነበርኩ። "ከዚያ አሰብኩት። ለእኔ ሦስት ማመልከቻ ጻፍሽልኝ፣ አንዱም መልስ አላመጣ። በእኔ ላይ አንድ ጻፍሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ ከነማኅተሙ መጣ። ልጅቱ ስትከስ ነው የምትችለው አልኩ።" ጄሪካኑን ከእጄ ወስደው መሬት አስቀመጡት። "ያላ፣ አሁን ለሊሽካው ጻፊ። እንደ ክስ አድርገሽ ጻፊው።"

የቴንደሩ ግንባር ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። ነፋስ ነበር፣ አያ ማለደ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ተጫኑልኝ። ልመና አልጻፍኩም፣ እባካችሁም አላልኩ። ይህ ሰው ሞተር ይሠራል፣ ድምፁ እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል፣ ይህን ሰው ሙያ የሌለው ማለት አደጋ ነው አልኩ። ከሥር "ጎረቤታቸው እማዋይሽ" ብዬ ጻፍኩ። አቪ ፈረመ።

አያ ማለደ ጣታቸውን ሲያነሡ፣ ስማቸው አጠገብ፣ መስመሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ጥቁር የዘይት አሻራ ቀረ።

"ተበላሸ" አለ አቪ። "ሌላ ወረቀት አለኝ፣ ገልብጪው።"

"አይገለበጥም" አልኩት፣ እንዲሁ አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።